በር ቁጥር አራት

ሻርጃ ነው ያለሁት፣ ከመጋዘን ጓሮ፣
ስሜ ባንድ ካርድ ላይ፣ በፕላስቲክ ታስሮ።
«ሻምበል» የሚል የለም፤ ዘበኛ ነኝ ዛሬ፤
መቶ ሰው ያዘዝሁት፣ ካንድ በር ነው አዳሬ።

ነሐሴ እዚህ አገር ዝናብ ይዞ አይመጣም፤
ሌሊቱ ይፈላል፣ ግንቡ አይቀዘቅዝም፤
ከባሕሩ ተነሥቶ የሚደርሰን ወበቅ
እርጥብ ብርድ ልብስ ነው፣ ፊት ላይ የሚጣበቅ።

በዘቦች ኮንቴይነር፣ ከላይኛው ቆጥ፣
ተካልኝ ይተኛል፤ ሲተኛ ሲገላበጥ
ብረቱ ያቃስታል። ያኔ መቶ አለቃ፣
ድምፄ ሲጮኽ ነበር ከእንቅልፉ የሚነቃ።
ዛሬ ባንድ ደሞዝ፣ ባንድ ዓይነት ኮፍያ፣
የጋራ ሀብታችን አንድ ሩዝ ማብሰያ።
ያዘዝሁት እኔ ነኝ፤ እምቢ ያለው እሱ፤
ሁለቱም መንገዶች ሻርጃ ደረሱ።

የጎርባ ድልድይ ላይ፣ በዚያ ሰንበት ጠዋት፣
በሬዲዮ መጣች፦ «በትን»። ሦስት ፊደል ናት።
ሰዉ ቅጠል ይዟል፤ ከቅጠሉ በቀር
በእጁ ምንም የለም፤ ይህን አይቼ ነበር።
አየሁ፤ ተቀበልሁ፤ ወደ ታች አወረድሁ፤
«ቃሉ የኔ አይደለም፣ እኔ ቧንቧ ነኝ» አልሁ።

ተካልኝ ቆመና፦ «በጽሑፍ ይምጣልኝ።»
ሳቅሁበት። በዚያ ሰዓት ወረቀት አምጣ አለኝ!
ቀበቶውን ፈታ። ሽጉጡን መሬት አኖረው፣
ቀስ ብሎ፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው።

ሌላ ሰው ፈጸመው።
ሁልጊዜ ሌላ ሰው አለ።

እሱ ታሰረበት፤ እኔ ተሾምሁበት።
ዘመን ሲገለበጥ፣ «ማን ነው?» ሲባል በሸንጎ ፊት፣
የላዮቹ ጣቶች ወደ እኔ ዞሩ፤
የአፍ ትእዛዝ ዱካ የለው፤ ተኖ ነበር በአየሩ።
ያኔ የሳቅሁበት ወረቀት አማረኝ።
ታዛ ሽቼ ነበር ታዛዥ የሆንሁት፤
ዶፉ ሲወርድ ጣራው ከዳኝ።

ስንመረቅ ምለናል፣ እጅ ዘርግተን፣ ባንድ አፍ፦
«ሕገ መንግሥቱን ላከብር፣ ላስከብር»።
በሁለቱ መካከል አንዲት «ስ» አለች።
ማክበሩስ ቀላል ነው፤ መደርደሪያ ይበቃዋል።
ያቺ «ስ» ግን ሰው ትፈልጋለች፣
ከራሱ አዛዥ ፊት የሚቆም።
ሃያ ሁለት ዓመት ዘልዬ አነበብኋት።

አንድ ሌሊት ጠየቅሁት፦ «የትኛው አንቀጽ ነበር ያስቆመህ?»
«አንቀጹ ጠፍቶኝ ነበር» አለ ከቆጡ ላይ፤
«አንዲት ሴት፣ ከሰልፉ ዳር፣
አንድ እግር ጫማዋ ወልቆባት ትፈልጋለች።
እስክታገኘው ልጠብቅ አልሁ።
ከጠበቅሁ በኋላ ነው አንቀጹ ትዝ ያለኝ።»

ዛሬ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት አልፎ፣ ሬዲዮኑ፦
«በር አራትን ቆልፍ። እስኪነጋ ማንም እንዳይወጣ።»
ሱፐርቫይዘሩ ነው፣ ናስር፤ እሱም ከላይ ተነግሮታል።
ከአጥሩ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው፣ ቤንጋሊ፣ ኔፓሊ፣
አምስት ወር ደሞዝ ያላየ፣
ጎህ ሲቀድ በእግሩ ወደ ሠራተኛ ቢሮ ሊሄድ
ሸሚዙን አጥቦ አስጥቷል።
ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ሞቋል።

ተካልኝን ነካሁት። «ምን ላድርግ?»
አንድ ዓይኑን ገለጠ፦
«እኔ ያኔ ማንን ጠየቅሁ?»
ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ሰማኸኝ?» ይላል ሬዲዮኑ።
በኛ ቤት «ሰማሁ» ማለት «እሺ» ማለት ነበር፤
ሁለቱን ለይቼ አላውቅም።
«ሰማሁ» አልሁ።
ምላሴ ደረቀ። ሃምሳ አልፎኛል፣ ቪዛዬ በእጃቸው ነው፣
ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጣ።
«ሰማሁ፣ ጌታዬ። በጽሑፍ ይምጣልኝ።»

ዝምታ። የማቀዝቀዣው ሞተር ብቻ።
ሌላ ሰው ይልካሉ፤ ሁልጊዜ ሌላ ሰው አለ፤
እስኪደርስ ግን በሩ ገርበብ ብሏል።
ከኮንቴይነሩ አልጋው አቃሰተ፤
ተካልኝ ሳቀ ይሁን ሳለ
አልለየሁትም።